ጉማውን ማን ይከፍላል?

  

ክቡራን አባ ገዳዎች፣ እናቶቻችን ሃደ ሲንቄዎች፣ ሼሆችና ቀሳውስት፣ ከሮቤና ከጎባ ድረስ የመጣችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ የሶፍ ዑመር ነዋሪዎች፤

ይህ በአጠገባችን የሚፈስሰው የዌብ ወንዝ በሶፍ ዑመር ዋሻ ሆድ ገብቶ ከወጣ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ዶሎ አካባቢ ከገናሌ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ከዶሎ ወደ ላይ፣ በገናሌ ዳር፣ መልካ ዲዳ የሚባል ቦታ አለ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡት። ድንኳኖቹ የቀይ መስቀል ምልክት ነበረባቸው። ውስጡ የተኙት የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት ቁስለኞች ነበሩ። ብዙ ሕሙማን በተኙበት ሞቱ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊ የሕክምና ረዳትም ሕይወቱ አለፈ፤ የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ።

ያ ጥቃት ባለቤት አለው። በግንባሩ የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። ምክንያቱም ይታወቃል፤ ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ጣሊያናዊ አውሮፕላን አብራሪ ከጥቂት ቀናት በፊት ተማርኮ ስለ ተገደለ የተወሰደ በቀል ነበር። ጣሊያን ስለ ተጠቀመችበት መርዝ ጋዝም እንዲሁ የምናውቀው አለ። ሙሶሊኒ ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ለግራዚያኒ ጋዝ እንዲጠቀም የፈቀደበት ቴሌግራም አለ። በሰሜን ሸዋ ዘረት፣ አመጸኛ ዋሻ ውስጥ በ1931 ዓ.ም. የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በሰናፍጭ ጋዝ እንዴት እንዳለቁም የሚናገር ወታደራዊ ሰነድ ተርፏል፤ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለው ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ያገኘው ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዋሻ ለስደተኛ መጠጊያ መሆኑን እዚህ ለተቀመጠ ሰው መንገር አያሻም። ሼክ ሶፍ ዑመርም በዚህ ዋሻ እንደ ተጠለሉ ከአባቶች ሰምታችኋል። የዘረቱን ዋሻ ወደ መቃብር የለወጠው ጋዝ ግን አዛዥ ነበረው፤ አዛዡም የጻፈው ወረቀት ነበረው።

ስማቸውና ወረቀታቸው እያለ ምን ሆኑ? ኢትዮጵያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጦር አዛዦቹን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የአሥር ጣሊያናውያንን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቅርባ ነበር። ኮሚሽኑ ክሱን ተቀበለ፤ ችሎት ግን አልተሰየመም። ግራዚያኒን የጣሊያን ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 የፈረደበት ከናዚዎች ጋር በማበሩ ነው እንጂ በኢትዮጵያ ደም አይደለም፤ እሱም ብዙ ሳይታሰር ተለቀቀ። ባዶሊዮ በአገሩ አርጅቶ ሞተ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ።

ስሙ ተለይቶ፣ ፊርማው ታይቶ፣ ቴሌግራሙ ተነብቦ ሳለ ገዳይ ያመለጠን ሕዝብ ነን። ዛሬ የምናገረው ስምም ፊርማም ስለማይኖረው ገዳይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የሩቅ አገር ወሬ፣ የፊልም ጨዋታ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት እለምናችኋለሁ።

ይህ ገዳይ ራሱን በራሱ የሚያዝ መሣሪያ ነው፤ እንዲህ የምንለውም አንዴ ከተለቀቀ በኋላ ዒላማውን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ መርጦ፣ ሌላ ትእዛዝ ሳይጠብቅ የሚመታውን ነው። ያሠማራው አዛዥ ማን እንደሚመታ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ቦታ እንደሚመታ ቁርጡን አያውቅም። የሚያውቀው ዓይነቱን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቅርጽ፣ እንዲህ ያለ ሙቀት፣ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ያየህ እንደሆነ ምታ ተብሎ አስቀድሞ ተሞልቶለታል። ፈንጂም በጥንቱ መንገድ ይህንኑ ያደርጋል። የተቀበረ ፈንጂ የረገጠው ወታደር ይሁን እረኛ፣ ጦርነቱ ይቀጥል ወይም ሰላም ከተፈረመ ዓመታት ይቁጠር አይጠይቅም። ከሶማሊያ ጦርነት፣ ከኤርትራ ጦርነት የተረፈ ፈንጂ እግር የቆረጠበት ሰው በየከተማችን አለ። ዓለም ፈንጂን እ.ኤ.አ. በ1997 በኦታዋ ስምምነት ከለከለ፤ ኢትዮጵያም በ1997 ዓ.ም. አጸደቀችው። ለዚያ እገዳ ከታገሉት አንዳንዶቹ፣ ኖቤል የተሸለመችው ጆዲ ዊሊያምስም ጭምር፣ ዛሬ ራሱን የሚያዝ መሣሪያ እንዲታገድ ዘመቻ ላይ ናቸው። መሬት ውስጥ የቀበርነውን ተጸጽተን ስናወጣ፣ ያው ነገር ክንፍ አውጥቶ እየበረረ ነው።

የምናውቀው ድሮን ግን እስካሁን በሰው እጅ ነው፤ ይህን ማምታታት አይገባም። ባይራክታር የሚባለውን ድሮን መሬት ላይ ጣቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስክሪን እያየ ይመራዋል፤ ቦምቡንም የሚለቅቀው በእጁ ነው። በሰውየውና በአውሮፕላኑ መካከል ያለው ድልድይ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ከጎባ ተነሥታችሁ ሳነቴን አቋርጣችሁ ወደ ሐረና ደን ስትወርዱ ስልካችሁ ኔትወርክ ያጣል አይደል? ጦር ሜዳ ላይ ጠላት ይህን ሆን ብሎ ያደርገዋል፤ ሞገዱን ያፍነዋል። ዩክሬን ላይ በሁለቱም ወገን በየቀኑ የሚታየው ይህ ነው። ግንኙነቱ የተቋረጠበት ድሮን ወይ ይወድቃል ወይ ይመለሳል። አምራቾች ለዚህ ያገኙት መላ ግንኙነቱ ቢቆረጥም ማሽኑ የጀመረውን በራሱ እንዲጨርስ ማድረግ ነው። ሰው ከውሳኔው የሚወጣው እንዲህ ነው። አንድ ክፉ ጄኔራል ተነሥቶ ከዛሬ ጀምሮ ማሽን ይግደል ብሎ አያውጅም። መጀመሪያ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ለማሽኑ ይሰጡታል፤ ቀጥሎ ደቂቃው፤ ቀጥሎ ፍለጋው። ለእያንዳንዱ እርምጃ በቂ የሚመስል የምህንድስና ምክንያት ይቀርብለታል።

ሊቢያ ላይ ምልክቱ ታይቷል። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ካርጉ-2 የተባለ በቱርክ የተሠራ ትንሽ ድሮን ከአንቀሳቃሹ ጋር ሳይገናኝ ዒላማ እንዲመታ ተደርጎ በሚያፈገፍጉ ተዋጊዎች ላይ መሠማራቱን ገልጿል። ሰው ስለ መግደሉ ሪፖርቱ በግልጽ አልጻፈም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ፕላስ 972 የተባለው መጽሔት፣ የእስራኤል ጦር ላቬንደር የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ጋዛ ውስጥ የሚመቱ ሰዎችን ስም እንዲያወጣ ማድረጉን፣ አንድን ስም ለማጽደቅ የሚመደበው ሰው አንዳንዴ 20 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚያይ ከመኮንኖች ሰምቶ ጻፈ። ጦሩ ሥርዓቱ መረጃ ከማቀናጀት በቀር ዒላማ አይመርጥም ሲል አስተባብሏል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሃያዋ ሰከንድ ናት። በወረቀት ላይ ሰው አለ፤ ትእዛዙ በሰው እጅ አልፏል። ያ ሰው ግን ማኅተም ከመምታት ሌላ የቀረው ሥራ ምንድን ነው? ሕግ አውጪዎች ሰው በመካከል ይኑር ብለው ብቻ ቢያልፉ የሚያገኙት ይህንን ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ትግራይ ውስጥ ደደቢት ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት በድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በቦታው የተገኘው ስብርባሪ ባይራክታር የሚሸከመው ቦምብ መሆኑን አረጋግጧል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰው ሞተ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ 2023 ባለው ጊዜ በአማራ ክልል 18 የድሮን ጥቃቶች 248 ሲቪሎችን መግደላቸውን መዝግቧል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በአማራና በኦሮሚያ ሲቪሎች በድሮን መገደላቸውን በተለያዩ ሪፖርቶቹ ጽፏል። በእነዚህ ጥቃቶች ሁሉ አዛዡ ሰው ነው። ታዲያ ስለ አንዳቸው ችሎት ፊት ቆሞ የተጠየቀ አዛዥ ስም ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም። የደደቢት እናት ማንን ትክሰስ? ከሰማይ መጣ፤ ድምፁ ተሰማ፤ ሄደ። ሰው እያንቀሳቀሰው እንዲህ ከሆነ፣ ሰው የሌለበት ዕለት ዝምታው ዘላለማዊ ይሆናል።

አሁን የባሌን ሰው ከሰማይ እንየው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ።

ሠርግ ነው እንበል። ሃያ ሠላሳ ፈረሰኛ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ብትሩን ይዞ ሜዳውን ይጋልባል። አንዱ ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ለቅሶ ቢሆንም ፈረሰኛው ይመጣል፤ ጥይቱም ይተኮሳል። ከአምስት ሺህ ሜትር ላይ ለሚያይ ካሜራ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ የታጠቀ ቡድን። ወይም የድሬ ሼክ ሁሴን ጉዞ ነው እንበል። ከሐረር፣ ከአርሲ፣ ከቦረና፣ ከሶማሌ አገር የሚመጣው ሕዝብ በእግሩና በአህያው ረጅም ሰልፍ ሠርቶ፣ ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ ብትር ተሸክሞ ቀን ከሌት ይጓዛል። ብዙ ሰው፣ ረጅም ዘንግ በትከሻ፣ የሌሊት ጉዞ፣ የተጫነ እንስሳ። ዱዓ የማያውቅ ማሽን ይህን ምን ብሎ ይመዘግበዋል? የዚህስ ዋሻ ጎብኚ? በአንዱ በር ገብቶ ከሰዓታት በኋላ በሌላው በር ብቅ ይላል። ውስጡ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መተላለፊያ አለው። መሬት ውስጥ ገብቶ ከካሜራ የሚሰወር ሰው፣ ሰው የሚያድን ማሽን ከሚጠረጥራቸው ሁሉ ፊተኛው ነው።

ከዚህ ላይ ደግሞ ገበሬያችን ጠመንጃ አለው። ከብት ለመጠበቅ፣ ለክብርም ይይዘዋል። ሚሊሻውም ጠዋት በሬ ጠምዶ ማታ ጥበቃ ይወጣል። ማን ተዋጊ ነው፣ ማን አይደለም የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ለሰውም ከባድ ነው። ሰው ግን ይጠይቃል። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ይላል፤ አነጋገሩን ይሰማል፣ ፊቱን ያያል፣ ያመነታል።

ማመንታት የሕግ ጉዳይም ነው። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንድ ሰው ሲቪል መሆኑ ካጠራጠረ እንደ ሲቪል ይቆጠር ይላል። ማሽኑም በራሱ መንገድ ይጠራጠራል፤ ጥርጣሬው ቁጥር ነው። ይህ ሰው ተዋጊ የመሆን ዕድሉ ከመቶ ይህን ያህል ነው ይላል። ከየትኛው ቁጥር በላይ ይመታ የሚለውን ግን አንድ ቀን አንድ ቢሮ ውስጥ ቡና እየጠጣ የወሰነ ሰው አለ። ከመቶ 80 ይበቃል ካለ፣ የፈረሰኛውን ሙሽራ ሕይወት ያን ዕለት ወስኗል። ባሌን አያውቃትም፤ ሙሽራውንም አላየውም። የሚሠራው ማሽን የተማረው በሌላ አገር ሰዎች፣ በሌላ አገር ልብስ፣ በሌላ አገር መንገድ ላይ በተነሣ ምስል ሊሆን ይችላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላየውን አያውቅም፤ ይባስ ብሎ አለማወቁን አያውቅም።

እናቶቼ ሃደ ሲንቄዎች፣ ይህን የምናገረው በእናንተ ፊት ስለሆነ እደፍራለሁ። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ሙሽራ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ ብትር ብቻ እንዳይደለ ታውቃላችሁ። ሁለት ጎሣ ጦር ሲማዘዝ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ይቆማሉ፤ ወንዱ ምንም ደሙ ቢፈላ ሲንቄን አልፎ አይመታም። አልፎ የመታ ነውሩም ቅጣቱም ከባድ ነው። ይቅርታ የሚለምን ሽማግሌም እርጥብ ሣር ይዞ ሲመጣ ጦር ዝቅ ይላል። የዓለም ሕግም እጁን ለሰጠ፣ ለቆሰለ፣ መዋጋት ለማይችል ሰው ይኸንኑ ያዝዛል። እነዚህ ሁሉ የቆሙት አንድ ነገር ላይ ነው፤ መሣሪያ የያዘው ሰው ማቆም የሚችል፣ የሚያፍር፣ የሚፈራ፣ የሚራራ መሆኑ ላይ። መሐንዲሶች የሲንቄን ቅርጽ ለማሽን ማስተማር ይችሉ ይሆናል። ሲንቄ ግን የሚያስቆመው በቅርጹ አይደለም፤ ያ ወንድ እናት ስላለችው ነው። የነቢዩ ወዳጅ አቡበከር ሠራዊት ሲሸኙ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይገደል፣ በገዳማቸው ያሉ መነኮሳት እንዳይነኩ፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ ያዘዙትም ነገ በአላህ ፊት የሚቆሙ ሰዎችን ነው።

በዚህ አገር ደም ሲፈስ ጉማ፣ የደም ካሳ፣ ይጠየቃል። ገዳዩ ራሱ ይቀርባል ወይም ወገኑ ያቀርበዋል፤ ያምናል፤ ጎሣው አዋጥቶ ይከፍላል፤ ይማማላሉ፤ ቂሙ ይቆማል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው አንድ ሰው ተነሥቶ እኔ ነኝ ሲል ነው። በአማራውም አገር ሽማግሌ ደም የሚያደርቀው እንዲሁ ነው። ገዳይ ካልታወቀ ደሙ ይንጠለጠላል፤ የሟች ወንድም ያገኘውን ይጠረጥራል።

ዘመናዊው ሕጋችንም ከዚህ አይርቅም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 270 በሲቪሎች ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀልን ሲደነግግ የሚቀጣው ያደራጀውን፣ ያዘዘውን፣ የፈጸመውን ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ አይታገድም ይላል። ሁለቱም ሰው ይፈልጋሉ፤ ሐሳብ ያለው፣ ያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው ቸል ያለ ሰው። አሁን የፈረሰኛው ሙሽራ አባት ፍርድ ቤት ሄደ እንበል። አዛዡ ማሽኑን ታንክ እንዲመታ ነበር የላክሁት ይላል። ፕሮግራሙን የጻፈው ወጣት እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ሠርቼ አስረከብሁ ይላል። ፋብሪካው በመመሪያው መሠረት አልተጠቀሙበትም ይላል። የገዛው መንግሥት ብልሽት ነው ይላል። ሁሉም በከፊል እውነታቸውን ነው። እውነታቸው ተደምሮ የሚያወጣው ግን ገዳይ የሌለው ሬሳ ነው። እኔ ይህን መሣሪያ የምቃወምበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ማሽኑ ነገ ቢሻሻል፣ ከሰው አጥርቶ ቢያይ እንኳ ይህ ምክንያት አይነሣም።

ጠንካራ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከልብ የሚነሣ ስለሆነ ከልብ ልመልስ። አንዳንዱ ሰውስ ምን አደረገልን ይላል። ሐውዜንን ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን የደበደቡት አብራሪዎች ሰዎች ነበሩ፤ ከ1,800 እስከ 2,500 ሰው እንደ ሞተ ይነገራል። መልካ ዲዳንም የደበደበው የሰው በቀል ነው። በቅርብ ጊዜ ጦርነቶቻችን ሴት የደፈረ፣ ቤት የዘረፈ፣ ምርኮኛ የረሸነ ሰው ነው። ማሽን አይሰክርም፣ አይበቀልም፣ አይደፍርም ይላሉ። እውነት ነው፤ አይደፍርም። ነገር ግን ክፋቱ ከአዛዡ ከመጣ ማሽን አያግደውም፤ ይልቁንም ትእዛዙን እንቢ ሊል የሚችለውን የመጨረሻ ሰው ከመንገዱ ያነሣለታል። ጭካኔ ሁልጊዜ ብዙ ፈቃደኛ እጆች ያስፈልጉት ነበር። ገበያ ላይ ቦምብ ለመጣል አብራሪ፣ ጫኝ፣ ተቆጣጣሪ ማሳመን ወይም ማስፈራራት ግድ ነበር፤ ከነዚህም አንዱ ይከዳል፣ አንዱ ይመሰክራል፣ አንዱ በሽምግልናው ለልጁ ይናገራል። ማሽን አይከዳም፤ አይመሰክርም። የሰው ወታደር ወንጀል የሚያስተምረን ወታደሩን ለፍርድ ማቅረብን ነው። ለፍርድ የማይቀርብ ወታደር መሥራት ከዚያ ትምህርት መሸሽ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የአገር መከላከል ነው። ዓድዋ ላይ ያሸነፍነው ጠመንጃ ስለነበረንም ነው፤ ሌላው እየታጠቀ እጃችንን እንሰር ወይ ይባላል። ማንም ይህን አልጠየቀም። የዓለም ቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረበው ሐሳብ ሁለት ክፍል አለው። ውጤታቸው አስቀድሞ የማይታወቅ መሣሪያዎችና ሰውን ዒላማ የሚያደርጉቱ ፈጽሞ ይከልከሉ፤ የሚመጣን ሚሳይል እንደሚያከሽፉት ያሉት ደግሞ በቦታ፣ በጊዜ፣ በዒላማ ዓይነት ተወስነው በሰው ቁጥጥር ሥር ይሁኑ ይላል። ይህ መከላከያን አያዳክምም። እኔም ከዚህ የሚበልጥ አልጠይቅም።

ዓለም የት ደረሰች? ጄኔቫ ውስጥ በተለመዱ መሣሪያዎች ስምምነት ሥር ውይይቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አሥራ አንድ መርሆዎች ወጡ፤ አስገዳጅ አይደሉም። በዚያ ጉባኤ ሁሉም ካልተስማማ አንድ መስመር አያልፍም፤ መሣሪያውን የሚሠሩት ኃያላን ደግሞ አይስማሙም። ስለዚህ ነገሩ ወደ ኒው ዮርክ ተወሰደ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በ152 ድምፅ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ166 ድምፅ ጉዳዩ አሳሳቢ መሆኑን የሚገልጹ ውሳኔዎች አሳለፈ፤ በሁለተኛው የተቃወሙት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ። ዋና ጸሐፊው አንቶኒዮ ጉተሬሽና የቀይ መስቀል ኮሚቴዋ ፕሬዚዳንት ሚርያና ስፖልያሪች አስገዳጅ ስምምነቱ እ.ኤ.አ. እስከ 2026 እንዲያልቅ በጋራ ጠይቀዋል። ከአፍሪካም ድምፅ አለ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ውሳኔ ሰው ትርጉም ያለው ቁጥጥር እንዲኖረው አሳስቧል፤ የምዕራብ አፍሪካ አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2024 ፍሪታውን ላይ ተሰብስበው አስገዳጅ ሕግ እንፈልጋለን ብለዋል።

የምሥራቁስ አፍሪካ? የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫዋ አዲስ አበባስ? ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመርዝ ጋዝ ስላለቀ ሕዝባቸው ለዓለም የተናገሩት በዚያችው ጄኔቫ ነው። ከሰማይ የሚመጣ አዲስ መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ፣ ውል አፍራሽ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚከተል ከኢትዮጵያ የበለጠ ሊናገር የሚገባው አገር የለም። ውል ምን ጠቀመን የሚል ይኖራል። ጣሊያን ጋዝን የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃ ነበር፤ ከሰባት ዓመት በኋላ አፈረሰችው። ውሉ ዘመዶቻችንን አላዳነም፤ ይህን መሸፈን አልችልም። ሆኖም ድርጊቱ ወንጀል ተብሎ እንዲጠራ ያደረገው ያ ውል ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 ለተፈረመውና ኢትዮጵያም ላጸደቀችው፣ መርማሪ ላለው የኬሚካል መሣሪያዎች ስምምነትም መሠረት ሆኗል። ከ1928 ዓ.ም. ጥቃት የምንማረው አዲሱ ውል መርማሪና መዝገብ ከመጀመሪያው ይኑረው የሚለውን ነው።

መዝገቡን አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። የሙሶሊኒ ቴሌግራም ባይቀመጥ ኖሮ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1996 ምን ታምን ነበር? ማሽኑ ምን እንዳየ፣ ከመቶ ስንት እንደ ገመተ፣ ማን እንደ ለቀቀው፣ በየትኛው ሰዓት እንደ መታ የሚያሳየው መረጃ ዛሬ የሚቀመጠው በባለቤቱና በአምራቹ እጅ ነው፤ ሲፈልጉ ያጠፉታል። ሕጉ ከእያንዳንዱ ስምሪት በፊት የአንድ አዛዥ ስም ይመዝገብ፣ ማሽኑ ያየው ሁሉ ሳይሰረዝ ይቀመጥ፣ ፍርድ ቤትና ኮሚሽን ሲጠይቁ ይቅረብ ብሎ ካላዘዘ የቀረው ሁሉ ምክር ነው።

በአገር ቤት ደግሞ ጄኔቫን ሳንጠብቅ ልንሠራው የምንችለው አለ። ቀደም ብዬ በጠቀስሁት አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 36 ላይ፣ መንግሥት አዲስ መሣሪያ ሲሠራም ሲገዛም ሕጋዊነቱን አስቀድሞ የመመርመር ግዴታ አለበት ተብሎ ተጽፏል። ኢትዮጵያ ዛሬ የድሮን ገዢ ብቻ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ስካይዊን የተባለ የድሮን ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ ተመርቋል። የአርተፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አለን፤ በ2016 ዓ.ም. የጸደቀ ብሔራዊ ፖሊሲም አለን። ሠርግ ለመቅረጽ ትንሽ ድሮን የሚያስነሣ ልጅ ከመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ከኢንሳ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ተገቢ ነው። የታጠቀው ድሮን በማን ትእዛዝ እንደሚነሣ፣ ስህተት ሲፈጽም ማን እንደሚመረምር፣ የሟች ቤተሰብ የት እንደሚያመለክት ለሕዝብ የወጣ፣ በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀ ሕግም ይገባናል። ፋብሪካው ገና ወጣት ሳለ፣ ሰውን መርጦ የሚመታ ማሽን አንሠራም የሚል ቃል በአዋጅ ማስገባት ቀላል ነው። ምርቱ ለሽያጭ ከወጣ በኋላ ግን የሚከራከረን ገንዘብ ይሆናል።

ከመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለመጣችሁ የሕግና የኮምፒውተር ተማሪዎች የተለየ ልመና አለኝ። ይህን ጉዳይ ለሁለት ከፍላችሁ አትያዙት። የሕግ ተማሪው ካሜራው እንዴት እንደሚያይ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ ይማር። ፕሮግራመሩ አንቀጽ 270ን ያንብብ፤ የሚጽፈው መስመር አንድ ቀን ሰው ፊት ሊደርስ ይችላልና። ከሁለታችሁም በፊት ግን ጉማ እንዴት እንደሚጣል፣ ገዳዩ ያልታወቀ ደም እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቁ አባቶች እዚህ ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. ለ2026 በተቀጠረው የጄኔቫ ጉባኤ የሚቀርቡ ረቂቆች ተጠያቂነትን የሚጽፉት በአውሮፓ የሕግ ቋንቋ ነው፤ በባሌ ሽማግሌ አስተሳሰብ የተጻፈ ገጽ እኔ አላየሁም። ያን ገጽ እዚሁ ልንጀምረው እንችላለን። ስለዚህ ወደ ጥያቄና መልስ ከመሄዳችን በፊት እኔ አባቶችን ልጠይቅ፤ ወጣቶችም ጻፉት። የገደለው ማሽን ቢሆን፣ የሠራው የሩቅ አገር ሰው፣ የገዛው መንግሥት፣ የለቀቀው የማታውቁት ወታደር ቢሆን፣ በእናንተ ሥርዓት ጉማው የሚጠየቀው ከማን ነው? ከሁሉም በጋራ ይጠየቃል ካላችሁ፣ ድርሻው እንዴት ይከፈላል? ማይክሮፎኑን ለአባ ገዳዎች ስጡልኝ።